መሪ ያላት መርፌ

ሌላው ሰው ሆስፒታል ሲገባ የሚፈራው መርፌውን ነው፤ ጎሚስታው የሚፈራው ወንበሩን ነው። ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ሲቀመጥ፣ ነጭ ለባሾቹ እሱን ዘለው የሚያናግሩት ሁልጊዜ ታናሽ ወንድሙን ነው። ወንድምየው መነጽር አለው፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ሰው ሲያዳምጥ አገጩን ይይዛል። ጎሚስታው ግን ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ስለኖረ፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁረት በቤንዚንም በሳሙናም አይለቅም። ሐኪምም ሰው ነው፤ የሚያናግረውን በጥፍሩ ይመርጣል።

እናታቸው ቀዶ ጥገና በሚደረግላት ቀን ጠዋት ግን ቀዶ ሐኪሟ ከበሩ ብቅ አለች። ወንድምየው አገጩን ይዞ ሲነሳ በዓይኗ አልፋው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ልብስ ይቀይሩ» አለችው ጎሚስታውን።

ወንድምየው ሳይቆምም ሳይቀመጥም ጎብጦ ቀረ። ጎሚስታው ይህን አይቶ አልተደሰተም ማለት ውሸት ነው።

«ጋሼ፣ አደራ» አለው ወንድምየው ክንዱን ይዞ። «እማዬ ምንም ብትናገር እንዳትቆጣ። አንተ ሲሞቅህ…»

«ሲሞቀኝ እንደ ጎማ እፈነዳለሁ። አውቃለሁ። ይህን ለአገር ሁሉ ያስተማርከው አንተ አይደለህ?»

«ለሷ ብዬ ነው እኮ።»

«ለሷ ከሆነ ክንዴን ልቀቀኛ፤ እየጠበቀችኝ ነው።»

እናታቸው መርሳት ስትጀምር መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባት፤ ቀጥሎ መንገድ፤ ከዚያ ሰው። ከሰው ደግሞ አስቀድማ የጠፋባት የተማረው ልጇ ነው። ሳሎን ተቀምጦ ሲያያት «እኚህ ሰውዬ ማንን ፈልገው ነው?» እያለች ጎረቤት ትጠይቃለች። ጎሚስታውንም ቢሆን አላወቀችውም። ግን አላባረረችውም፤ የሞተውን ባሏን አደረገችው።

አባትየው አናጺ ነበር። ትከሻውን፣ ከባድ እርምጃውን፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ ማለቱን ሁሉ ለትልቁ ልጁ አውርሶ ሞቷል። ጎሚስታው ከሥራ ውሎ ሲገባ እናቱ ቀና ትልና «መጣህ፣ የልጆቼ አባት?» ትለዋለች።

ወንድምየው «እውነቱ ሊነገራት ይገባል» ባይ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ፣ «እማዬ፣ አባባ እኮ ሞቷል» ይላታል። ያኔ ሴትዮዋ ደረቷን ትመታለች። መርዶው ለሷ የዛሬ ነው። ነገ ትረሳዋለች፤ ነገ ደግሞ ያው ወንድምየው ይነግራታል፤ ደግማ ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ጎሚስታው ታግሶ ታግሶ አልቻለም። «ስማ! አንድ ባል ስንት ጊዜ ትቅበር?» ብሎ ከሳሎኑ አስወጣው።

ከዚያ ወዲህ «መጣህ?» ስትለው፣ አባትየው ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ያደርግ እንደነበረው ጉሮሮውን ሁለቴ ጠርጎ፣ «እህ… እህ… መጣሁ እሜቴ» ይላታል። አባትየው ሚስቱን «እሜቴ» ነበር የሚላት። እሷም ትረጋጋለች፤ ትበላለች፤ ትተኛለች።

ሰው ይህን ሲያይ «ደግ ልጅ» ይላል። ደግነቱን እሱ ያውቀዋል። የጠሉትን ሰው ካፖርት ለብሶ መዞር ነው።

ጎሚስታው ሰባተኛ ክፍል ሳለ ነው። አባትየው መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ እንጨት ይልግ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት አትሄድም» አለው። «ጭንቅላትህ ለትምህርት አልተሠራም። እጅህ ግን ደህና ነው። ጎማ ቤት ተነጋግሬልሃለሁ።» ከዚያ መላጊያውን ገፋ። ነገሩ ይኸው ነው።

ልጁ አመነ። አባት ነው የተናገረው፤ ምን ያድርግ? ጭንቅላቱ እንዳልተሠራ አምኖ ጎማ ቤት ገባ። ታናሽየው ከክፍል ክፍል ሲዛወር እሱ ከውስጥ ጎማ ወደ ውስጥ ጎማ ተዛወረ። ታናሽየው የተመረቀ ዕለት ቤተሰቡ ፎቶ ለመነሳት ሲሰለፍ ካሜራውን ለእሱ ሰጡት፤ «አንተ እጅህ አይንቀጠቀጥም» ብለው። ፎቶው እስከ ዛሬ እናቱ ሳሎን ተሰቅሏል፤ አባት አለ፣ እናት አለች፣ ጥቁር ጋውን የለበሰው አለ፤ ያነሳው ሰው የለም።

ሲጎለምስ አባቱን ሰላም ማለት ተወ። የአባትየው የመጨረሻ ወራት ላይ፣ ጎሚስታው በግቢው በር ሲገባ ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ሲያየው «እህ… እህ…» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጎሚስታው ቆሞ አያውቅም። ሽማግሌውም ጉሮሮውን ጠርጎ ቀረ እንጂ ምንም ተናግሮ አያውቅም። ሞተ።

ወደ በሽታዋ እንመለስ። በሽማግሌዎች የመርሳት በሽታ ላይ ምርምር የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ፤ ወንድምየው አንዱን ያውቀዋልና እናቱን አስመዘገበ። አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ እንደ መሳቢያ እያስገቡ የአንጎሏን ምስል ያነሳሉ፤ ከወራት በኋላ ደግመው ያነሳሉ፤ ያነጻጽራሉ። ጎሚስታው የምርምሩን ሰውዬ «ፎቶ አንሺው» ብሎ ስም አወጣለት። «ደግሞ ፎቶ!» ይል ነበር። «እኛ ቤት በፎቶ የመጣ በጎ ነገር የለም።»

በመጨረሻው ምስል ላይ ግን ፎቶ አንሺው ሁለቱን ልጆች ጠራቸው። ስክሪኑን እያሳየ፣ «በዚህ በሽታ የተያዘ አንጎል እንደ ደረቀ ፍሬ ይጨማደዳል። የእናታችሁ ግን ደጋግመን ብናነሳውም አልተጨማደደም» አለ። «የማስታወሻው ቦታ እንዳለ ነው። ግን እዚህ፣ መሐል ለመሐል፣ ውሃ የቋጠረች ከረጢት አለች። ቀስ በቀስ እየተነፋች ትጫነዋለች።»

«ታዲያ ትተንፈሳ!» አለ ጎሚስታው።

ወንድምየው አፍሮ ወለሉን አየ። ፎቶ አንሺው ግን ሳቀና፣ «ሐሳቡ እሱ ነው። ችግሩ መንገዱ ነው» አለ። ቀጥ ያለ መርፌ ከላይ እስከ ከረጢቷ ሲወርድ ወይ ደም ሥር ይወጋል፣ ወይ የማስታወሻውን ቀጭን ገመድ ይበጥሳል።

ቀዶ ሐኪሟን ያገኟት ያኔ ነው። አጭር ሴት ናት፤ ድምጿ ከቁመቷም ያንሳል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማት። ጣቷ ላይ ከክር የማትወፍር መርፌ ይዛ፣ «ጫፏ ሰያፍ ነው» አለቻቸው። «ስገፋት ወደ ሰያፉ ትታጠፋለች። ከኋላዋ ሳዞራት አቅጣጫ ትቀይራለች። ደም ሥሩን ዞራ ታልፋለች።»

«መሪ አላት በይኛ» አለ ጎሚስታው።

«አላት።»

«መንጃ ፈቃድስ?»

«ጋሼ!» አለ ወንድምየው።

«መንጃ ፈቃድ የሰጡኝ በጎች ናቸው» አለች ዶክተሯ ሳትስቅ። «እስካሁን የከሰሰኝ በግ የለም። ሰው ላይ ግን ብዙ አልነዳሁም፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም።»

«ብትስትስ?»

«ብትስት ወይ ንግግራቸው ይሄዳል፣ ወይ እሳቸው።»

ባይነካስ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ፤ ከረጢቷ እየተነፋች ሄዳ እናትየው አንድ ቀን ሳትነቃ ትቀራለች ተባሉ። እንግዲህ ወዲያም ገደል፣ ወዲህም ገደል።

ሌላም ነገር አለ። እናትየው መተኛት የለባትም። መርፌዋ በንግግር ሰፈር ጥግ ነው የምታልፈው፤ ሴትዮዋ እስካወራች ድረስ ዶክተሯ መርፌዋ ያለችበትን ታውቃለች፤ አፏ ከተሳሰረ ትቆማለች። ስለዚህ ቤተሰብ አጠገቧ ተቀምጦ ሳያቋርጥ ያጫውታት። ግን ትረጋጋ። ከተናደደች፣ ካለቀሰች፣ የደሟ ግፊት ከወጣ፣ መርፌዋ አጠገብ ያለው ደም ሥር ይወጠራል፤ ከዚያ የሚሆነው አይጠየቅ።

«እኔ እቀመጣለሁ» አለ ወንድምየው ወዲያው።

ሞከሩት። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ አለ። እናትየው ትክ ብላ አየችውና፣ «እኚህ ሰውዬ ደግሞ መጡ! ኧረ አስወጡልኝ!» ብላ ጮኸች። ጎሚስታው ገብቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ሴትዮዋ ትራሷ ላይ ተመልሳ ተኛች። ዶክተሯ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

እንግዲህ ጎሚስታው አረንጓዴ ልብስ ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ አፉን ሸፍኖ ገባ። ክፍሉ ይበርዳል። የእናቱ ራስ ከጠረጴዛው ጋር በተያያዘ የብረት ቀለበት ተይዟል። ከግንባሯ በላይ ጨርቅ ተዘርግቶ ዶክተሯንና እጆቿን ከልሏል። ከጨርቁ ወዲህ ፊቷ ብቻ ነው ያለው፤ ትንሽ፣ የተጨማደደ፣ ዓይኑ የሚንከራተት። ግድግዳው ላይ ስክሪን አለ፤ በግራጫው መሐል ደም ሥሮቹ እንደ ሥር ተዘርግተው ቀልተዋል።

በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጇን ያዘ። ዓይኗ የተሸፈነ ፊቱ ላይ አረፈ። ደነገጠች።

«ማነህ አንተ?»

የልብ ምቷን የሚቆጥረው ማሽን ጢጥ ጢጥ የሚለውን አፈጠነ። የደም ግፊቱን ቁጥር የምትከታተለው ሲስተር ቀና ብላ አየችው።

«እህ… እህ…» አለ። «እኔ ነኝ እሜቴ።»

እጇ ላላ። «አፍህን ምን ሸፈነህ?»

«ሰጋቱራ ነው። እንጨት እየላግሁ ነበር።»

«ቤቱን ደግሞ በሰጋቱራ ልትሞላው ነው! ስጠርግ እኮ ነው የምውለው።»

«እኔ እጠርገዋለሁ።»

«አንተ? አንተ መጥረጊያ የምትይዘው እጀታው ሲሰበር ልትጠግነው ነው» አለችና ሳቀች። ሲስተሯም ከሽፋኗ ሥር ፈገግ አለች።

«ገባሁ» አለ የዶክተሯ ትንሽ ድምፅ ከጨርቁ ማዶ። «ይቀጥሉ።»

ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ክር ብቅ አለች። ጎሚስታው ላለማየት ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ። ስለ ጣሪያው አወሩ፤ ስለሚያፈሰው። ስለ በሩ አወሩ፤ ስለሚንቋረረው ማጠፊያ። የጎረቤት ድመት በወሬያቸው መሐል መጥታ ሄደች። ሴትዮዋ ቃሏ ጥርት ያለ ነው፤ እሱ ደግሞ «እህ»፣ «እሺ»፣ «ታዲያስ» እያለ ይገፋታል። ይኼ ብቻ ከሆነማ ቀላል ነው ብሎ ልቡ መለስ አለ።

«ትልቁ መጣ?» አለች ድንገት።

«የቱ ትልቁ?»

«ስንት ትልቅ አለህ? ጎማ ቤት ያስገባነው ነዋ!»

ጣቶቹ እጇ ላይ ደረቁ። «አልመጣም» አለ።

«አይመጣም። ላንተ ሰላምታ ከነፈገህ ቆየ። ትናንት በረንዳ ላይ ተቀምጠህ በአጠገብህ እንደ ባዳ ሲያልፍህ በመስኮት አየሁ።»

«ይሁን፤ ልጅ ነው።»

«ምን ልጅ ነው፣ ጢም ያወጣ! እኔን ግን ይስመኛል። ገብቶ እናቴ ይለኛል። አንተ የኔን ኃጢአት ተሸክመህ ስትጎብጥ እኔ እሳማለሁ።»

ጎሚስታው የሰማው ሳይገባው፣ ከጨርቁ ማዶ «ደም ሥሩ ጥግ ደርሻለሁ» አለች ዶክተሯ። «አሁን እንዳያቋርጡ።»

«የምን ኃጢአት?» አለ።

«ረሳኸው? መምህራቸው ጠርቶኝ፣ ‹ትልቁ ልጅሽ ጭንቅላት አለው፣ ትንሹን ግን እንጃ› ያለኝን?»

ከሽፋኑ ሥር ትንፋሹ ፊቱን አቃጠለው። «ታዲያ ለምን ትልቁን አስወጣሽው?» አለ፤ በራሱ ድምፅ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ።

እናትየው ቅንድቧን ሰበሰበች። «አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ? አብረን አይደለም ወይ የመከርነው? ማነህ አንተ?» ማሽኑ ፈጠነ። ሲስተሯ እጇን አንስታ ቀስ በል አለችው።

«እህ… እህ… እኔው ነኝ እሜቴ። እርጅና ነው። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።»

«እርጅና» አለች፤ ጥቂት አስባ አመነችው። «ትንሹ ደረቱ ያፏጫል። ግማሽ ባልዲ ውሃ ቢያነሳ ሲያጣጥር ያድራል። ከወረቀት ሌላ ምን ይዞ ይኖራል? ትልቁ የትም ብትጥለው ይበቅላል። ሁለቱን መያዝ አቃተን። የሚችለውን ጣልኩት፣ የማይችለውን ያዝኩት። አንተማ አይሆንም ብለህ አኩርፈህ አደርክ። ሲነጋ ግን ‹በይ እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ እንዳትታዪ› አልከኝ። ‹ጭንቅላት የለህም በለው› ያልኩህም እኔው ነኝ። ተስፋ ከቆረጠ አያመውም ብዬ።»

ጎሚስታው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነው፤ ግን ያለው እዚያ አይደለም። መሥሪያ ጠረጴዛው ፊት ቆሟል፤ አባቱ ቀና ሳይል እንጨት ይልጋል። ቀና ያላለው ለካ ፊቱን እንዳያይበት ነው። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ስንት ነገር ተወ! መጽሐፍ የያዘ ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። የገዛ ልጁ ደብተር ይዞ «ይህን አስረዳኝ» ሲለው «ሂድ አጎትህን ጠይቅ» ይል ነበር። ድፍን ቅል ነኝ ብሎ አምኖ አረጀ። ቃሏ ደግሞ የዚች ነበረች፤ እጇን ይዞ የተቀመጠላት፣ ሁልጊዜ ሲገባ የሚስማት የዚች።

ሽፋኑን ከፊቱ ላይ ሊቦጭቀው ፈለገ። «እዪኝ! ትልቁ ነኝ! የጣልሽው!» ሊላት ፈለገ። ቃሉ ጥርሱ ጫፍ ደርሷል። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ስክሪኑ ሄደ። ነጯ ክር ከቀዩ ደም ሥር ጎን ተለጥፋ መታጠፍ ጀምራለች፤ በመካከላቸው ብርሃን አያልፍም።

«ልንገረው?» አለች እናትየው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከዛሬ ነገ እያልኩ… አንተን እንዲህ ሲያልፍህ ማየት አልቻልኩም። ልንገረው፣ የልጆቼ አባት?»

ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

«ጋሼ፣ ያናግሯቸው!» አለች ዶክተሯ።

«ግፊቱ እየወጣ ነው» አለች ሲስተሯ።

«ለምን ዝም ትለኛለህ? ተቆጣህ? ከፋህ አይደል? አውቄያለሁ፣ ከፍቶሃል…» ሴትዮዋ ትከሻዋን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ነጻው እጇ ተነስቶ ወደ ራሷ ሄደ። ጎሚስታው አየር ላይ ቀለበው። ሁለቱንም እጆቿን በአንድ መዳፉ ያዘ። ጢጥጢጢጢጥ ይላል ማሽኑ።

«መግፋትም ማውጣትም አልችልም» አለች ዶክተሯ። ያች ትንሽ ድምፅ ይበልጥ አንሳለች። «ጋሼ፣ እባክዎን። የሆነ ነገር ይበሏቸው።»

አፉን ከፈተ። የወጣው ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ነው። እህ… እህ። ያኔ በረንዳው ታየው። ሽማግሌው ሲያየው ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እሱ ሳይቆም ሲያልፍ። ሽማግሌው ያኔ ሊል የፈለገውና የተወው ነገር ምን እንደሆነ አሁን፣ እዚህ ብርድ ውስጥ፣ ማንም ሳይነግረው አወቀው።

«አትንገሪው እሜቴ» አለ።

«ለምን?»

«ከሁለታችን አንዳችንን መጥላቱ አይቀርም። እኔን ይጥላ። አንቺን ከጠላ የት ይገባል?»

«አንተስ?»

«እኔማ ጀርባዬ ሰፊ ነው።»

«አልከፋህም?»

እዚህ ላይ መዋሸት አልቻለም። «ከፍቶኛል» አለ። «በጣም ከፍቶኛል እሜቴ። ግን አታልቅሺ። ይለፍ።»

ከዓይኗ ጥግ አንዲት እንባ ወደ ጆሮዋ ወረደች። ረጅም ትንፋሽ ወጣ። እጆቿ መዳፉ ውስጥ ከበዱ። ማሽኑ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አለ።

«በሩን እንዳትረሳ» አለች። «ማጠፊያውን። ሲከፈት ሰው የታረደ ይመስላል።»

«ዘይት አደርግለታለሁ።»

«ዞርኩት!» አለች ዶክተሯ። «አለፍኩት። ከረጢቷ ጫፍ ላይ ነኝ… ገባሁ።» ስክሪኑ ላይ ያች የተነፋች ግራጫ ክብ፣ ቫልቩ እንደተነቀለ የውስጥ ጎማ፣ ጎኗ እየገባ፣ እየተሸበሸበች፣ ጠፋች።

ጎሚስታው ወጣ። የሚፈራው ወንበር ላይ ራሱ ሄዶ ወደቀ። ወንድምየው ሮጦ መጣ።

«ተረፈች» አለው ጎሚስታው።

ወንድምየው መነጽሩን አውልቆ አለቀሰ። ሲያለቅስ ደረቱ አፏጨ። ያ ፉጨት በልጅነታቸው አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ እንቅልፍ የሚነሳው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም፤ ወይ ሊሰማው አልፈለገም።

«ምን ተጨዋወታችሁ?»

«ስለ ሰጋቱራ።»

«እኔን አነሳችኝ?»

«አነሳችህ። ደረቱ ያፏጫል አለች።»

ወንድምየው በእንባው መሐል ሳቀ። መምህሩ ስለ ሁለቱ ያለው ነገር ጎሚስታው ምላስ ላይ መጣ፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ጣዕሙ ጥሩ ነበር። ዋጠው። ጣለው ማለት አይደለም፤ ለክፉ ቀን አስቀመጠው።

እናትየው እንደ ጎህ ነው የነቃችው፤ ቀስ እያለች። መጀመሪያ ማንኪያውን አወቀች። ከዚያ መስኮቱን፣ ሆስፒታል መሆኑን። በኋላ ዶክተሯና ፎቶ አንሺው አልጋዋ አጠገብ ቆመው ጠየቋት። ጎሚስታው በሩ ላይ ቆሟል፤ ባታውቀኝስ ብሎ መግባት ፈርቷል። አብሮ የመጣው ሌላው ፍርሃት ደግሞ ይኸው ነው፤ ብታውቀውስ?

«እኚህ ማን ናቸው?» አለች ዶክተሯ ወንድምየውን እያሳየች።

«ትንሹ ልጄ። ምነው ከሳህ?»

«ባለቤትዎስ የት ናቸው?»

«ባሌማ ሞቷል። ቆይቷል እኮ» አለች፤ ሳትጮህ፣ ደረቷን ሳትመታ። ፎቶ አንሺው በደስታ ዶክተሯን ጎሸማት።

«በሩ ላይ ያሉትስ?»

ሴትዮዋ አንገቷን አቀናች። ትከሻውን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ወደ እጁ ወረደች፣ ጥፍሩ ላይ ቆየች።

«ትልቁ» አለች። «ትልቁ ልጄ ነው።»

ሁሉም ደስታውን ይዞ ሲወጣ ጎሚስታው ብቻውን ቀረ። አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። አፉ አልተሸፈነም፤ ጉሮሮውን አልጠረገም።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ ውስጥ ሳለሽ ሰው ሲያናግርሽ ነበር። ታስታውሻለሽ?»

«አንድ ሰው እጄን ይዞኝ ነበር።»

«ምን አወራችሁ?»

ዓይኗን ከዓይኑ ነቀለች። ብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከለች፤ የተስተካከለውን ደግማ አስተካከለች።

«ረሳሁት» አለች።

ጎሚስታው የመርሳትን ፊት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሲመግባት፣ ሲያለብሳት አይቶታል፤ ዓይን ይንከራተታል፣ እጅ የሌለ ነገር ይፈልጋል። ይህ ያ ፊት አይደለም። ይህ ጥርት ያለ፣ ያለበትን የሚያውቅ፣ በሩን ከውስጥ የቆለፈ ፊት ነው። ታማ ሳለች የነገረችውን፣ ስትድን ደበቀችው።

ቁጣው ከእግሩ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ፣ ሳያስበው፣ «እህ… እህ…» አለ።

እናትየው ቀልጠፍ ብላ ዞረች። ባሏን አልፈለገችም አሁን፤ ማን እንደተቀመጠ ታውቃለች። ጠበቀችው።

«እርሺው እማዬ» አላት።

ከዚያ እሷ፣ ከዶክተሯ ባነሰ ድምፅ፣ «አንተስ?» አለች።

«እኔማ ጭንቅላት አለኝ አሉ» አለ ጎሚስታው። «አልረሳም።»

ከብርድ ልብሱ ሥር እጇ ወጣ። ጥቁር ጥፍሮቹን ፈልጎ ያዘ። እሱም አልነጠቃትም፤ አልጨበጣትምም። እንዲያው ተወላት።